ከአፕግሬዱ በኋላ የሞተው መስመር

ማክሰኞ ጠዋት የፈይዛ ቤት ራውተር ሞቶ ተገኘ።

ሞቶ ማለት ጨርሶ ጠፍቶ አይደለም። የኤሌክትሪኩ መብራት ይበራል። የዋይፋዩም ይበራል። ሦስተኛው፣ ከውጭ የሚገባውን መስመር የሚያሳየው አረንጓዴ መብራት ግን ጨልሟል። ፈይዛ ስለዚያ ነጭ ሣጥን የምታውቀው ይህንኑ ብቻ ነበር። ሦስቱም ከበሩ ልጇ ትደውላለች፤ ሦስተኛው ከጠፋ አትደውልም።

ሶኬቱን ነቀለች። ቢስሚላህ ብላ መልሳ ሰካችው። ስልኳ ላይ ኢሞ ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል፣ አይገናኝም። ደግማ ነቅላ ሰካችው። ያው ነው።

«ያ ረቢ፣ በዚህ ሳምንት?» አለች።

በሌላ ሳምንት ቢሆን ማንም አይሞትም ነበር። ሀያት፣ የመጨረሻ ልጇ፣ ሪያድ በሰው ቤት ከተቀጠረች ሁለት ዓመት አልፏታል። አሠሪዎቿ ስልኳን ነጥቀው በር ቆልፈውባታል። ባለፈው ሳምንት ከአጥር ማዶ ከምትሠራ የአገሯ ሴት ስልክ ተውሳ በሹክሹክታ ደውላ ነበር። ታምሜያለሁ አለች። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ባለቤቶቹ ሲወጡ ይህችው ሴት ስልኳን በግንቡ ላይ ታቀብለኛለች፣ ያለሁበትን ቤት አድራሻ እልክልሻለሁ፣ ሁዜይፋ መጥቶ ያውጣኝ አለች። ሁዜይፋ የፈይዛ የወንድም ልጅ ነው፤ እዚያው ሪያድ መኪና ይነዳል። ከዓርብ በኋላ አሠሪዎቿ ወደ ሌላ ከተማ ይዘዋት ይሄዳሉ። ከዚያ ወዲያ ያለችበትን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው።

ሀያት በቃሏ የያዘችው ቁጥር የእናቷን ብቻ ነው። የተውሶ ስልክ ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ የሚደውለው በኢሞ እንጂ በሌላ አይደለም። በሚኖሩባት በመካነ ሰላም የሞባይል ዳታ ከጠፋ ከርሟል፤ ኢንተርኔት የሚገባው በገመድ ነው፣ በሰፈሩ ገመድ ያስገባው ደግሞ የፈይዛ ቤት ብቻ ነው። ባሏ ረመዳን ለዓይኑ ሕክምና ደሴ ወርዷል፣ ቅዳሜ ነው የሚመለሰው። እንግዲህ ዓርብ ያች አረንጓዴ መብራት ካልበራች ሀያት ደውላ ደውላ ታጣታለች።

መጀመሪያ የጠረጠረችው ሚሊዮንን ነው። ማንም ይጠረጥረው ነበር።

ሚሊዮን መናኸሪያው አጠገብ ስልክና ራውተር ይጠግናል። ሰኞ ከሰዓት ራሷ ጠርታው ነበር የመጣው፤ መስመሩ ይቆራረጣል ብላ። የራውተሩን ፕሮግራም በአዲስ ቀይሮላት ሄደ። አሁን ከሱቁ ጎትታ አምጥታ ሣጥኑ ፊት አስቀመጠችው።

«ሰኞ ምን አደረግህበት?»

«አፕግሬድ ነዋ፣ እትዬ ፈይዛ። አሮጌውን ፕሮግራም በአዲሱ ተካሁት።»

«ያኔ ይቆራረጥ ነበር። አሁን ተቆርጦ ቀረ።»

«አንዳንዴ አዲሱ ከሣጥኑ ጋር አይስማማም።»

«አንዳንዴ ነው ወይስ ዛሬ?»

ሚሊዮን ላፕቶፑን ከፍቶ ሥራውን ጀመረ። ራውተሩን ከፋብሪካ እንደወጣ አደረገው። የመስመሩን መለያና የይለፍ ቃል ዳግም አስገባ። ከግድግዳው እስከ ሣጥኑ ያለችውን አጭር ገመድ በሌላ ለወጠ። በመጨረሻ አዲሱን ፕሮግራም አንስቶ አሮጌውን መለሰው። በእያንዳንዱ ሙከራ ሁለቱም ሦስተኛዋን መብራት ያያሉ። አልበራችም።

«ውጭውን ገመድ ማየት አለብኝ» አለ ሚሊዮን።

በዚህ መሐል ነው አስናቀው የገባው። አስናቀው አጥር የሚጋራቸው ጎረቤት ነው። ከወጣትነቱ ጀምሮ የስልክ መስመር ሲዘረጋ የኖረ ሰው ነው፤ አሁን ጡረታ ወጥቶ ንብ ያረባል። የፈይዛን መስመርም ከምሰሶው ሣጥን እስከ ቤቷ የጎተተው እሱ ነው። በሰፈሩ ስለ ገመድ አስናቀው ከተናገረ በኋላ የሚናገር የለም።

«ውጭውን ማለዳ አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው» አለ። ድምፁ ዝግ ያለ ነበር። «የአፕግሬዱ ጣጣ ነው። አብሽሪ ፈይዛ፣ እስከ ቅዳሜ ይስተካከላል።»

«ዓርብ ነው የምፈልገው፣ ጋሽ አስናቀው። ያውቃሉ አይደል?»

አስናቀው ሣጥኑን እንጂ እሷን አላያትም። «አውቃለሁ» ብሎ ወጣ። ሚሊዮንም ውጭውን ማየቱን ተወ። በአንድ የዕድሜ ልክ ባለሙያ ቃል ላይ መሰላል ማቆም ነውር መሰለው። ተመልሶ ሣጥኑ ላይ ተደፋ። እስኪመሽ ያደረገው ሁሉ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር፤ ያኔ ግን ማንም አላወቀም።

ረቡዕ ፈይዛ ተጠርጣሪ ለወጠች።

ከቤቷ ጀርባ ንጉሡ የሚባል ሰው አለ። ገመዱ የሚያልፈው በእሱ ባሕር ዛፍ አናት ላይ ነው። ንጉሡ በዚህ ምክንያት አንድ ቀን እቆርጠዋለሁ ብሎ በሰው ፊት ዝቷል። ደግሞም ጠበኛ ነው፤ ጠብ ካጣ ከጥላው ጋር የሚጣላ ዓይነት። ፈይዛ በርበሬ ስትሸጥ ያረጀች የገበያ ሴት ናት። ሰው ሲዋሽ ከምላሱ በፊት እጁ እንደሚናገር ታውቃለች። በሩን አንኳኳች።

«ገመዴን ነክተሃል?»

«አልነካሁም።»

«እቆርጠዋለሁ ብለህ ነበር።»

«ብቆርጠው ኖሮ ቆረጥኩት ብዬ እመጣልሽ ነበር። ተደብቄ መቼ አውቃለሁ?»

እውነቱን ነው። ንጉሡ ነገርን በጓሮ አያውቅም። እጁም በበሩ መቃን ላይ ዝም ብሎ አርፏል። እሷን ያሳሰባት ሌላ ነበር። ሰው በተንኮል ጠርጥሮት በሩ ላይ ቆሞ ንጉሡ አልጮኸም። አልተሳደበም። አያ ጅቦ ሳታማኸኝ ብላኝ አላለም። ቀና ብሎ አያትና ዓይኑን መለሰ።

«ብርድ ነው፣ ግቢ» አላት። «ምንም የምትፈልጊው ነገር ካለ ላኪብኝ።»

ንጉሡ ላኪብኝ ሲል ሰምታ አታውቅም። ከዚያ በር የተመለሰችው ከቁጣዋ ይልቅ ፍርሃቷ በርትቶ ነው።

ከሰፈሩ ወጣ ብሎ ያለው ሆቴል ቤትም ዋይፋይ አለው። ዓርብ ስልኬን ይዤ እዚያ እቀመጣለሁ ብላ ወደ ብዙነህ ሄደች። ብዙነህ የሆቴሉ ባለቤትና የቅሬያቸው ዳኛ ነው፤ ሰፈሩን በሞትና በሐዘን ጊዜ የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። ገና አፏን ሳትከፍት የእኛም ተበላሽቷል አላት። እንደ እናንተው አፕግሬድ ተደርጎ ነው አላት። እጁ ግን የባንኮኒውን ጨርቅ ያጣጥፋል፣ ይዘረጋል፣ መልሶ ያጣጥፋል። ከጥግ አንድ እንግዳ ስልኩ ላይ ቪዲዮ እያየ ይስቃል።

«እሱ በምን ነው የሚያየው?»

«ጭኖ ያመጣው ይሆናላ» አለ ብዙነህ።

ፈይዛ ወጣች። ሁለት ቤት አንድ ሰበብ ሲያወራ ሰበቡ ተመክሮበታል ማለት ነው። ግን ለምን? ማን ነው ከልጇ ሊለያት የሚፈልግ? ሀያትን የላካት ደላላ ይሆን? ደላላው ከተማውን ሁሉ ገዝቷል? እንዲህ ያለ ሐሳብ ሲመጣባት ራሷን ታዘበች። ጭንቀት ሰውን ያሞኛል።

ሐሙስ ሰኔ ያለ የሌለ ዝናቡን አወረደው። ጉሙ የአጥሩን ማዶ አላሳይ አለ። ፈይዛ ከሣጥኑ ፊት አልተነሣችም።

እቴቴ መጣች። እቴቴ የአስናቀው ሚስት ናት፤ ከፈይዛ ጋር ልጅ አብረው አጥብተዋል። የእቴቴ ልጅ የኔአለምና ሀያት አንድ ጡት ባይጠቡም አንድ ገበታ በልተው ነው ያደጉት፤ ሁለቱም ያሉት ሪያድ ነው። እቴቴ የጾም ሽሮ በሳህን ሸፍና ይዛ ነበር። ማክሰኞም አምጥታለች። ረቡዕም። ቁጭ ብላ፣ ብይ፣ በአላህ ብይ፣ አቅም ያስፈልግሻል ትላታለች።

«አቅም ለምን?» አለች ፈይዛ።

እቴቴ ነጠላዋን አስተካከለች። «ለዝናቡ ነዋ» አለች።

ፈይዛ ጎረቤቷን አየቻት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይላሉ። ከዚያ ባልጠበቀችው መንገድ አንድ ነገር ትዝ አላት።

«እቴቴ፣ ሰኞ ማታ እዚህ መጥተሽ ለየኔአለም ደውለሽ አልነበረም?»

«ደውዬ ነበር። ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ። ሥራ ይዟት ነው።»

«ጠርቷል?»

«ጠርቷል እንጂ።»

ጠርቷል! ሚሊዮን አፕግሬዱን ያደረገው ሰኞ ከሰዓት ነው። መስመሩ ማታ ይሠራ ነበር። እንግዲያው አፕግሬዱ ከደሙ ንጹሕ ነው። የሞተው ሌሊቱን ወይም ማለዳ ላይ ነው፣ ማለዳ ላይ ደግሞ የቤቱን ሣጥን የነካ የለም።

ሌላም ነገር መጣላት፣ ይኸኛው የባሰ። ከዚህ በፊት መስመሩ ለአንድ ሰዓት ከጠፋ ሰፈሩ በሯን ይሰብር ነበር። የጅዳው ሊደውል ነው፣ የቤይሩቷ ትጠብቀኛለች፣ መቼ ይመለሳል? አሁን ስንት ቀን ሆነው? አንድም ሰው መቼ ይመለሳል ብሎ አልጠየቃትም።

ዓርብ ወደ ቀትር ሰማዩ ሲገለጥ ሚሊዮንን መሰላል አስያዘችው። እሱ ጋሽ አስናቀው አይተውታል እኮ እያለ ወጣ። ከቤቷ ክዳን ተነሥቶ ገመዱን በዓይኑ ተከተለ፤ በንጉሡ ባሕር ዛፍ አለፈ፤ መንገድ ዳር ካለው ምሰሶ ደረሰ። መሰላሉን ወደዚያ አዙሮ ወጣ።

«ምን አየህ?»

«ከምሰሶው ሣጥን ወጥቷል፣ እትዬ ፈይዛ። ግን አልተበጠሰም። ተጠቅልሎ ተሰቅሏል።»

«መልሰህ ስካዋ!»

«ሣጥኑ ተቆልፏል። ቁልፍ ያለው ሠራተኛ ከደሴ እስኪመጣ ሳምንት ነው። ብሰብረውም ውስጡ ገመድ ብቻ ነው፤ ከየትኛው ቀዳዳ እንደወጣ የሚያውቀው የነቀለው ሰው ነው።»

የገመዱን ጫፍ ወደ ታች ለቀቀላት። ፈይዛ በእጇ ያዘችው። ጫፉ በላስቲክ ተሸፍኗል። ላስቲኩ በቃጫ ታስሯል። የታሰረበት አፍ ደግሞ ውኃ እንዳይገባ በሰም ተደፍኗል። ቢጫ ሰም፣ ገና ማር ማር የሚል።

ቆማ አየችው። ጠላት ገመድ ይቆርጣል። ሌባ ገመድ ይወስዳል። ይህን የነቀለው ሰው ግን ዝናብ እንዳይነካው አልብሶታል፤ መልሶ ሊሰካው አስቦ፣ ተጠንቅቆ፣ እንደ ሕፃን ጠቅልሎ። ወንጀለኛዋ ይወዳታል ማለት ነው። የምሰሶ ሣጥን ቁልፍ አለው። ሰምም አለው።

የሰውየው ማንነት አይደለም ያስፈራት። ብይ፣ አቅም ያስፈልግሻል። ግቢ፣ ብርድ ነው። እስከ ቅዳሜ ይስተካከላል። ቅዳሜ ረመዳን ይመጣል። ፈይዛ ይህን ሥራ ታውቀዋለች፤ ስንት ጊዜ ራሷ ሠርታዋለች። ሰው ሲሞት ለእናት በስልክ አይነገርም። ሰፈር ይመክራል፣ ቤተ ዘመድ እስኪሰበሰብ ወሬው ይታፈናል፣ እንዳትሰማ ከገበያ ትከለከላለች፣ ሳታውቅ እንድትበላ ትደረጋለች። ከዚያ አንድ ማለዳ ሽማግሌዎቹ በር ያንኳኳሉ። ድሮ የሚታፈነው የሰው አፍ ነበር። ዘንድሮ ዋይፋዩም መታፈን አለበት።

መርዶ ነው። መርዶዋን ነው የነቀሉት።

አስናቀው ከቀፎዎቹ መሐል ጎንበስ ብሎ ነበር። ስትገባ ቀና አለ። ከገመዱ ጫፍ የፈታችውን ላስቲክ እጇ ላይ አየ። ፈይዛ ሰላም አላለችውም።

«ጋሽ አስናቀው፣ ማን ሞተብኝ?»

«ቁጭ በይ፣ ልጄ።»

«አልቀመጥም። ማን ነው?»

«ነገ ረመዳን ይመጣል። ሽማግሌዎቹ በማለዳ...»

«ማን ነው?»

ሽማግሌው ባርኔጣውን አወለቀ።

«ሀያት» አለ።

ሰማይ ምድሩ ዞረባት። የቀፎውን መደብ ይዛ ቆመች። አለመውደቋን ራሷም አላመነችም። አስናቀው ይናገራል፣ ድምፁ ከሩቅ ይመጣል። ሰኞ ማታ ብዙነህ ሆቴሉ ውስጥ ፌስቡክ ላይ አይቶ ነው አስናቀውን የጠራው። ሀያት ረመዳን የምትባል የመካነ ሰላም ልጅ ሪያድ ሆስፒታል አርፋለች፣ ቤተሰቧን የምታውቁ ይላል። ከዚያ በታች ሰው ሁሉ ነፍስ ይማር ይላል። አንድ ሰው ብቻ ወደ ፈይዛ ስልክ ቢልከው አበቃ።

«ቤትሽ ብቻሽን ነሽ» አለ። «ባልሽ የለ። አንድ የማታውቂው ሰው በዚያች ስልክ፣ ያለ ሰው፣ ያለ ደጋፊ መርዶሽን እንዲጥልብሽ ትቼ ልተኛ? አልቻልኩም። ማለዳ ወጥቼ ነቀልኩት። ብዙነህም የሆቴሉን እንዲከለክልሽ፣ ሰፈሩም ዝም እንዲል የመከርኩት እኔ ነኝ። ሚሊዮንን ያስኮነንኩትም እኔ ነኝ። ይቅርታ የለውም፤ ግን አልቻልኩም።»

«ፎቶዋን አይተዋል?»

«ፎቶ የለውም። ስሟ ብቻ... የአባቷም ስም፣ የአገሯም ስም።»

«እኔ ብሆን እነግርዎት ነበር» አለች ፈይዛ። «አራት ቀን አሞኛችሁኝ። እውነቱ የኔ ነበር እኮ! ለምን ነጠቃችሁኝ? እኔ ብሆን ፊት ለፊት ቆሜ እነግርዎት ነበር።»

አስናቀው አንገቱን ደፋ። ከመስጊዱ የጁምዓ ሰው መውጣት ጀምሯል፤ የመንገዱ ድምፅ ይሰማል። ፈይዛ ሰማችው። ሰውነቷ ሁሉ ነቃ።

«ዛሬ ትደውላለች።»

«ልጄ፣ የሞተ ሰው አይደውልም።»

«እንግዲያው መስመሩን ቢሰኩት ምን ይጎዳል?»

አስናቀው ከሥራው ዘመን የቀረውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። ምሰሶው ላይ ወጣ፤ ሚሊዮን ከሥር መሰላሉን ይዟል። ፈይዛ ወደ ቤት ሮጠች። ሣጥኑ ፊት ተንበረከከች። ሦስተኛዋ መብራት ብልጭ አለች። ጠፋች። ብልጭ፣ ብልጭ አለች። ከዚያ ረግታ በራች።

አስናቀው ገብቶ በሩ ላይ ቆመ። ጠበቁ። ፈይዛ ዱዓ ማድረግ ፈልጋ ቃሉ ጠፋባት። ያ ረቢ፣ ያ ረቢ ብቻ ትላለች። እስክትደውል የቆየው ጊዜ ረጅም ይሁን አጭር ከሁለቱ አንዳቸውም በኋላ መናገር አልቻሉም።

ስልኩ ጮኸ።

«እማዬ?» አለ የተዳከመ ድምፅ። «እማዬ፣ ትሰሚኛለሽ?»

ፈይዛ የመለሰችው ቃል አልነበረም፣ ልቅሶ ነው። አስናቀው በሩን ደገፍ ብሎ ጋቢውን ወደ ዓይኑ ወሰደ። አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ አለ ክርስቲያኑ ሽማግሌ፤ በዚያ አገር ደስታ ሲመጣ ቃል አይመርጡም። ሀያት በችኮላ የቤቱን አድራሻ ላከች። ፈይዛ ለሁዜይፋ አሻገረችው። ሁዜይፋ ወዲያው ተነሥቻለሁ ብሎ መለሰ። መጣ፣ እየመጣ ነው፣ አይዞሽ ልጄ፣ አሁን ይደርሳል አለቻት። ከዚያ ዕፎይታው ምላሷን ፈታው።

«ሞተች ብለውኝ ነበር እኮ! ሀያት ረመዳን፣ የመካነ ሰላም ልጅ፣ ሆስፒታል አረፈች ብለው ጽፈው...»

ከወዲያ ማዶ ድምፅ ጠፋ። ፈይዛ የተቋረጠ መስሏት መብራቱን አየች። በርቷል።

«እማዬ» አለች ሀያት ቀስ ብላ። «አጠገብሽ ማን አለ?»

«ጋሽ አስናቀው።»

«ስልኩን ወደ ጆሮሽ አስጠጊው። አጥብቀሽ። ፊትሽን ከእሱ አዙሪ።»

ፈይዛ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሀያት በሹክሹክታ ነገረቻት።

የኔአለም ሪያድ ስትገባ ሥራ ያገናኘቻት ሴት በክርስቲያን ስም የሚቀጥር ቤት አላገኘሁልሽም አለቻት። ያን ጊዜ የኔአለም ስሟን እንድታውሳት ሀያትን ለመነቻት። ሀያትም ውሰጂው፣ አባቴንም ውሰጂው፣ እንደ ሆነ እሱም አባትሽ ነው ብላ ሳቀችባት። የኔአለምም ቤተሰቦቿ እንዳያዝኑባት ለማንም እንዳትነግር ሀያትን አስማለቻት። ከዚያ በኋላ የኔአለም በሄደችበት ሁሉ ሀያት ረመዳን ነበረች። ስትታመምም ሆስፒታል የገባችው በዚያው ስም ነው። ስልኩን የምታውሰኝ ሴት ሬሳውን ካጠቡት አንዷ ናት አለች ሀያት እየተንሰቀሰቀች። ስምሽን የያዘች ልጅ ሞተች፣ ግን በእጇ አንጓ ላይ የመስቀል ንቅሳት አለ አለችኝ። እማዬ፣ ያን ንቅሳት ስትነቀስ እጇን የያዝኩላት እኔ ነኝ።

የበር ድምፅ ሰማሁ፣ ልዝጋው አለች። ተዘጋ።

ፈይዛ ከግድግዳው አልዞረችም። ሰው ሲዋሽ እጁ እንደሚናገር ስለምታውቅ ሁለቱንም እጆቿን በስልኩ ላይ ጨበጠች። ከኋላዋ አስናቀው በደስታ ይተነፍሳል። ይቅር በይኝ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ልገድላት ነበር፣ ለአንቺ አዝኜ ልጅሽን ልገድላት ነበር ይላል።

«ስለ እኛይቱስ አልጠየቅሽልኝም?» አለ ከዚያ። «ይገናኙ የለ? እናቷ ሰሞኑን አጥታታለች።»

ፈይዛ አፏን ከፈተች። ፊት ለፊት ቆሜ እነግርዎት ነበር ያለችው ገና አሁን ነው።

«ተቋረጠብኝ» አለች።

«ግዴለም፣ ሌላ ጊዜ ትጠይቂልኛለሽ።»

«ኢንሻአላህ። ቤትዎ ይግቡ ጋሽ አስናቀው፣ ምሳዎን ይብሉ።»

ወጣ። ቆይቶ ከአጥሩ ማዶ የእቴቴ እልልታ ተሰማ። እቴቴ ለሀያት ነው እልል የምትለው፤ ደጋግማ፣ ድምፅዋ እስኪሰበር። ፈይዛ ያን እልልታ ቁጭ ብላ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ሁዜይፋ መኪናው ውስጥ ናት ብሎ ሲልክላት ደስታዋን የምታስቀምጥበት አጣች።

ከዚያ ፊቷን ታጠበች። ነጠላዋን ለበሰች። በእቴቴ ደጅ በኩል ማለፍ ስላልቻለች በንጉሡ ጓሮ ዞራ ወደ ሆቴሉ ሄደች። ብዙነህ ከሩቅ ሲያያት እጁን ዘርግቶ ተቀበላት፤ ስለ ሀያት ወሬው ደርሶት ነበር። ለነገ የጠራኋቸውን ሽማግሌዎች አሁኑኑ አስቀራለሁ አላት።

«አታስቀራቸው» አለች ፈይዛ። «በማለዳ ይምጡ። የሚያንኳኩት በር ብቻ ነው የሚለወጠው።»